«ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» በሳምንቱ ግን ባዶ ወረቀት

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በደሴ ዙሪያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። በአንድ ክፍል 64 ተማሪዎች አሉኝ። ስለ ምግብ መፈጨት ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኳቸው። ሥዕል ስዬ አስረዳሁ፣ ኖት አጻፍኩ። ‹ገባችሁ?› ስላቸው ‹አዎ ቲቸር!› ብለው ክፍሉን ያናጉታል። በሳምንቱ አጭር ፈተና ስሰጥ ግን ከግማሽ የሚበልጡት ምግብ ከጨጓራ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ እንኳ መጻፍ አልቻሉም። አንዱ ‹ወደ ልብ› ብሎ ጻፈ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያ ላይ በቅርቡ ‹አንጎልን መሠረት ያደረገ ማስተማር› የሚል ሥልጠና ወስደን ነበር። ተማሪዎች በማየት፣ በመስማት እና በእንቅስቃሴ የሚማሩ ተብለው እንደሚከፈሉ፣ በግራና በቀኝ አንጎላቸው የሚያስቡም እንዳሉ ተነገረን። አሁን ርዕሰ መምህራችን እያንዳንዱን ልጅ በየዓይነቱ ለይተን ቅጽ ላይ እንድንሞላና ለየቡድኑ የተለየ ትምህርት እንድናዘጋጅ ጠይቆናል። ለ64 ልጅ ይህን እንዴት አደርገዋለሁ? ያለፈውን ምዕራፍስ እንደገና ላስተምር ወይስ ልለፈው? ፖርሽኑም እየጎተተኝ ነው። እባክዎ ይምከሩኝ።»

መምህርት፣ ከደሴ ዙሪያ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንባሽን ጥረጊ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። አንቺም ሥራሽን አልበደልሽም። ክፍልሽ ውስጥ የሆነው ነገር የሰው አንጎል በየትም አገር የሚያደርገው ነው።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1885 በገዛ ራሱ ላይ የሠራውን ጥናት አሳተመ። ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን በተርታ እየጻፈ በቃሉ ያጠናል፣ ከዚያ ምን ያህሉ እንደቀረው ይለካል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በላይ ጠፍቶት ነበር። በማግስቱ የቀረው ሲሶ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ መርሳቱ ቀስ እያለ ይሄዳል። ስለ ጨጓራና አንጀት የምታስተምሪው ትርጉም ያለው ስለሆነ እንደዚያ ቶሎ አይረሳም። አካሄዱ ግን ያው ነው። ከተማሩት በኋላ ማንም ያልነካው ነገር ይረሳል። ስለዚህ «ከዚህ የበለጠ እንዴት ላስረዳ?» ብለሽ አትጨነቂ። «ካስረዳሁ በኋላ ልጆቹ በተማሩት ነገር ምን አደረጉበት?» ብለሽ ጠይቂ።

«ገባን» ሲሉሽም አልዋሹሽም። ሥዕሉ ሰሌዳው ላይ አለ፣ ድምፅሽ ጆሯቸው ላይ ነው፣ ደብተሩ ተከፍቷል። በዚያች ሰዓት ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ችግሩ አይቶ «ይሄንን አውቀዋለሁ» ማለትና ከራስ ውስጥ አውጥቶ መናገር ለየቅል መሆናቸው ነው። ሲያርሱ ሲያይ ያደገ ሁሉ ሞፈር ቢያስጨብጡት ትልም አያወጣም።

ይህንን ቁልጭ አድርጎ ያሳየ ጥናት አለ። ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ነው። ለተማሪዎች ሁለት አጫጭር የሳይንስ ጽሑፎች ሰጡ። አንዱን ደግመው አነበቡት። ሌላውን አንዴ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን አስቀምጠው ያስታወሱትን ሁሉ ጻፉ፤ ያረማቸውም ሰው የለም። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ ብቻ ሲያስታውሱ፣ ከራሳቸው አውጥተው ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። የአንቺም ልጆች የሆኑት ይህንኑ ነው። በዕለቱ ጎበዞች ነበሩ፣ በሳምንቱ ባዶ ሆኑ። ነገሩን ከራሳቸው እንዲያወጡት በመካከል የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህንን ያዢልኝ፦ ክፍለ ጊዜሽን ደብተር አስዘግተሽ ጀምሪ።

እንዴት እንደምታደርጊው ልንገርሽ። ገና ልጆቹ ሳይቀመጡ ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፊ። አንዱ ካለፈው ክፍለ ጊዜ፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር ይሁን። ለምሳሌ «ስታርች መፈጨት የሚጀምረው የት ነው?» «ትንሹ አንጀት ሥራው ምንድን ነው?» «ዕፅዋት ሴል ላይ ኖሮ እንስሳት ሴል ላይ የሌለ አንድ ነገር ጥቀሱ።» ደብተር ይዘጋል። 64ቱም በብጣሽ ወረቀት ወይም በደብተራቸው የኋላ ገጽ ላይ ይጽፋሉ። የማያውቀውም ግምቱን ይጻፍ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ መልሱን ትነግሪያቸዋለሽ፤ እያንዳንዱ የራሱን በሌላ ቀለም እስክርቢቶ ያርማል። አለቀ። ወረቀት አትሰበስቢም። በዴስኮቹ መካከል እያለፍሽ የጥቂቱን ብቻ አየት ብታደርጊ ክፍሉ የት ጋ እንደቆመ ትረጂያለሽ።

ማርክ እንዳትይዢበት። ይህንን አጥብቄ ነው የምልሽ። እኛ ጋ ጥያቄ በወረቀት ከመጣ ልጁ የሚያስበው ስለ ማርክ ነው። ማርክ አለው ካልሽ አንገቱን ወደ ጎረቤቱ ያሰግጋል። የተኮረጀ መልስ ደግሞ ከራሱ ያወጣው ስላልሆነ ምንም አይጠቅመውም። በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ንገሪያቸው፦ «ይሄ ለማርክ አይደለም፤ እንዳንረሳ ነው። የተሳሳተ አይነቀፍም።» ቃልሽንም ጠብቂ። አንድ ቀን በስህተቱ የሣቅሽበት ልጅ ከዚያ ወዲያ እውነተኛ ግምቱን አይጽፍልሽም።

ያለፈው ወር ጥያቄ ለምን አስፈለገ ትዪ ይሆናል። አንድን ነገር ገና ትኩስ እያለ አሥር ጊዜ ከመደጋገም፣ ሊጠፋ ሲል ታግሎ ማስታወስ የበለጠ ያጸናዋል። ጥናትን በቀናትና በሳምንታት ከፋፍሎ ማራራቅ የሚባለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪ ከባልደረቦቹ ጋር አሥር የጥናት ዘዴዎችን መርምሮ ነበር። ራስን መጠየቅና ጥናትን ማራራቅ ከላይ ተቀመጡ። ደጋግሞ ማንበብና ማስመር ከታች ናቸው። እኛ ልጆቻችንን «አንብቡ፣ ደጋግማችሁ አንብቡ» የምንላቸው ነገር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ያለሽው ወሎ ነው፤ የቄስ ትምህርቱንም የቁርዓን ቤቱንም ሳታዪ አላደግሽም። የቆሎ ተማሪ ቀለሙን ከየኔታ ይቀበላል፣ ከዚያ በቃሉ እያለ ይቀርባል፣ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ተለቅ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል፣ በዚያውም የራሱን ያጸናል። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ የሰማውን መመለስ ብቻ አይበቃውም፤ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። በቁርዓን ቤትም ልጁ ሎሁ ላይ ያለውን ሸኽየው ፊት በቃሉ ይወጣዋል፣ ከዚያ አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ሰሌዳና ደብተር አገኘን፤ ልጁን በየዕለቱ «እስቲ አንተ በለው» ማለቱን ግን ተውነው። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

«ታዲያ ይሄ ሽምደዳ አይደለም ወይ?» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ሽምደዳ የሚሆነው «ጥቀስ» እና «ዘርዝር» ብቻ ስትጠይቂ ነው። ቃሉን ካወቁ በኋላ እንዲህ በያቸው፦ «ትንሹ አንጀቱ አብዛኛው ተቆርጦ የወጣለት ሰው ብዙ እየበላ ለምን ይከሳል?» ይህን ለመመለስ ልጁ የሚያውቀውን አውጥቶ ማገናኘት አለበት። ለማገናኘት ደግሞ መጀመሪያ የሚያወጣው ነገር መኖር አለበት። ሁለቱ አይጣሉም።

አሁን ወደ ምዕራፉ እንምጣ። እንደገና አታስተምሪው። ሰኞ ስትገቢ ለእያንዳንዱ ልጅ ባዶ ወረቀት ይኑረው። የሰው ቅርጽ በጭረት ብቻ ሰሌዳ ላይ ሳዪላቸው። ከዚያ «ጠዋት የበላችሁት ዳቦ ከአፋችሁ ተነሥቶ የት የት እንደሚያልፍ ሳሉ፤ በየቦታው ምን እንደሚሆን በአንድ ቃል ጻፉ» በያቸው። ደብተር የለም፣ መጽሐፍ የለም። 10 ደቂቃ ስጫቸው። መሳል አልችልም የሚል ካለ ቀስት ያድርግ። ስትዞሪ ክፍሉ የት ላይ እንደተሰናከለ ታያለሽ። ምናልባት እስከ ጨጓራ ሁሉም ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። እንግዲያው የምታስተምሪው ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ነው። ሦስት ክፍለ ጊዜ የፈጀብሽ በአንድ ያልቃል።

ያንን «ወደ ልብ» ብሎ የጻፈውን ልጅ ደግሞ አደራ። እኔ መልሱን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ። ሲፈጭ የቆየው ምግብ በትንሹ አንጀት ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ያ ደም በጉበት በኩል አድርጎ በመጨረሻ ልብ ይደርሳል፤ ልብም ለመላው ሰውነት ይረጨዋል። ልጁ ምግብና ደም እንደሚገናኙ ሰምቷል። ደምና ልብ እንደሚገናኙም ያውቃል። መሀል ያለው አንጀት ነው የጠፋበት። ለብቻው ጠርተሽ «ለምን ልብ አልክ?» በዪው እስቲ። አዲስ ነገር አንጎል ውስጥ የሚቀመጠው ቀድሞ ካለ ነገር ጋር ተያይዞ ነው። የልጁን ስህተት ካላየሽ ምን ላይ እንደምታያይዢለት አታውቂም። በኤክስ አልፈሽው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አታገኚም ነበር።

አዲስ ነገር ስትጀምሪም መልሱን ከመንገርሽ በፊት አስገምቻቸው። ቁራሽ ዳቦ ከቤት ይዘው ይምጡ። «ሳትውጡ ብዙ አኝኩት» በያቸው። ቆየት ሲል ጣፈጥ ይላቸዋል። «ስኳር ማን ጨመረበት?» ብለሽ ዝም በዪ። ያስቡ፣ ይከራከሩ። ምራቅ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር እየቀየረው መሆኑን የምትነግሪያቸው ከዚያ በኋላ ነው። ለማወቅ ጓጉቶ የሰማው መልስ ልጁ ጋ ይቆያል። ጾም ላይ ያለ ልጅ ካለ ግን አታስገድጂው፤ ጎረቤቱ ይንገረው።

ዝምታውን ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ ልበል። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነበር። 3 ሰከንድ ሲጠብቁ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም ይሉ የነበሩ ልጆችም መናገር ጀመሩ። ስለዚህ ስም አትጥሪ መጀመሪያ። ጠይቂ፣ ዝም በዪ፣ ሁሉም ይጻፍ፣ ከዴስክ ጓደኛው ጋር ይንሾካሾክ፣ ከዚያ ስም ጥሪ። እጅ ያወጣን ብቻ ከጠራሽ የሚማሩት አምስቱ ናቸው። አንድ ለአምስት ስታደራጂም እንዲሁ ነው። ጎበዙ ሠርቶ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ፣ ቀጥሎ ይገናኙ።

ስለ ኖት ማጻፍ። መጽሐፍ እንደማይዳረስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ተዪው አልልሽም። አንድ ነገር ግን አስተካክዪ። ልጁ እየገለበጠ አንቺ አታስረጂ። አንጎላችን በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው አዲስ ነገር በጣም ጥቂት ነው። ኔልሰን ካዋን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 አራት ገደማ ብሎታል። ከሰሌዳ የሚገለብጠው 7ኛ ክፍል ልጅ ያቺ ቦታ በፊደሎቹ ተይዛለች፤ ቃልሽ የሚገባበት የለም። ስታስረጂ እስክርቢቶ ይቀመጥ። ሲጽፉ አንቺ ዝም በዪ። ሥዕሉንም አንድ ጊዜ ከነሃያ ስሙ አትስቀዪባቸው። አፍና ጉሮሮን ሳዪ፣ አስረጂ፣ ጥቂት አቁሚ፣ ቀጥዪ።

የሂሳብ መምህር ጓደኛ ካለሽ ይህችን አድርሺልኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳግ ሮረር እና ኬሊ ቴይለር ተማሪዎችን የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት እንዲያሰሉ አስተማሩ። ግማሾቹ አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው እያለፉ ተለማመዱ። ግማሾቹ ጥያቄዎቹ ተደባልቀው ቀረቡላቸው። በልምምዱ ጊዜ በተርታ የሠሩት 89 በመቶ ሲያገኙ የተደባለቀባቸው 60 አገኙ። በሳምንቱ ፈተና ግን የተደባለቀባቸው 63፣ በተርታ የሠሩት 20 ብቻ። የቤት ሥራ ሲሰጥ ከአሮጌው ምዕራፍም እየቀላቀለ ይስጥ።

እንቅልፍና ቁርስ ላይ ብዙ አልልም። ከሰዓት ፈረቃ ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ ውኃ ቀድቶ፣ ከብት አግዶ የመጣ ሊሆን ይችላል። በእጅሽ ያለው አንድ ነገር ነው። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን አድረው እንዳያጠኑ ንገሪያቸው፤ ቀን የተማሩት ነገር የሚጸናው ሲተኙ ጭምር ነውና።

አሁን ያ ቅጽ። ሰው የሚወደው የመማሪያ መንገድ ሊኖረው ይችላል፤ ሥዕል የሚወድ አለ፣ ማዳመጥ የሚወድ አለ። ነገር ግን እንደ ምርጫው ከፋፍለው ሲያስተምሩት የበለጠ ይማራል የሚለው አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ የነበረውን ጥናት ሁሉ አገላብጠው አዩት። ይህንን አሠራር ክፍል ውስጥ ለማስገባት የሚያበቃ ማስረጃ የለም አሉ። ግራና ቀኝ አንጎል የሚባለውም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ሥራዎች ወደ አንድ ወገን ማጋደላቸው እውነት ነው፤ ቋንቋ ለምሳሌ በአብዛኛው ሰው ላይ በግራ በኩል ያመዝናል። ግን የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል ሲመረምሩ «ግራ አንጎሉ የጠነከረ ሰው»፣ «ቀኝ አንጎሉ የጠነከረ ሰው» የሚባል ክፍፍል አላገኙም። ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። በ13 ዓመቱ «አንተ በማንበብ የምትማር አይደለህም» የተባለ ልጅ ቃሉን አምኖ መጽሐፍ ሊተው ይችላል። ሥዕልና ቃል አብረው ሲቀርቡ ለሁሉም ይጠቅማሉ። ስለዚህ ለ64ቱም ሳዪ፣ ለ64ቱም ተናገሪ፣ ሁሉንም አሠሪ።

ርዕሰ መምህራችሁን ግን ስብሰባ ላይ ተነሥተሽ «ይሄ ስህተት ነው» አትበዪው። በቅን ልብ ያመጣው ነገር ነው፤ ሰው ፊት ካፋጠጥሽው ይጠነክራል። ቢሮው ሂጂ። «ለክፍሉ የሚጠቅም ነገር ልሞክርና ውጤቱን ላሳይዎት፤ አንድ ወር ይስጡኝ» በዪው። ፖርሽኑንም ይጠይቅሻል። ከ40 ደቂቃው 5ቱን ነው የምወስደው፤ የተረሳውን እንደገና ለማስተማር የሚሄደው ክፍለ ጊዜ ይበልጣል ብለሽ አስረጂው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት እንደሚከብዱሽ ከወዲሁ ላስጠንቅቅሽ። ልጆቹ «ቲቸር ከበደን፣ ኖት ብቻ ስጪን» ይላሉ። ወረቀታቸውም ባዶ ይበዛዋል። ደጋግሞ ማንበብ ቀላል ስለሆነ የተማሩ ይመስላቸዋል፤ ማስታወስ ስለሚያታግል ያልቻሉ ይመስላቸዋል። እዚህ ጋ ነው ብዙ መምህር የሚተወው። አንቺ አትተዪው። ጥያቄው ከብዶ ሁሉም ባዶ ከሆነ የመጀመሪያውን ፊደል ጻፊላቸው ወይም ሥዕሉን ግማሹን ሳዪላቸው።

ወሩ ሲሞላ ርዕሰ መምህሩን ክፍልሽ ጋብዢው። የዕለቱን ትምህርት እንዲያይ ሳይሆን ከአምስት ሳምንት በፊት ካስተማርሽው ምዕራፍ ራሱ መርጦ እንዲጠይቃቸው። መጽሐፉን ስጪውና አንቺ ከኋላ ዴስክ ላይ ቁጭ በዪ።